ወደ ውጭ የዞረችው ካርቶን

ሰፈሩ ሁሉ ሜትሬ ይላታል። የወጣላት ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን የልብስ መለኪያዋ አንገቷ ላይ ሳይንጠለጠል የታየችበት ቀን ስለሌለ ስሙ ቀስ በቀስ ተረስቶ ሜትሬ ቀረ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ቁልፍ ስተክልና ጫፍ ስዘመዝም ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ስለ እሷ ልጽፍ የተነሳሁት ብዙ ስለማውቅ አይደለም፤ አንድ ነገር ስላየሁ ነው።

ሱቁ አንድ ክፍል ነው። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ልክ የሚወሰድበት መጋረጃ፣ ከመጋረጃው አጠገብ ጭንቅላትም ክንድም የሌላት የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት። ያለቁ ልብሶች ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ሽቦ ላይ ይሰቀላሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ወደ ምዕራቡ መስኮት ስትዞር ብርሃኑ በስስ ጨርቆቹ ውስጥ አልፎ ይመጣና ወለሉ አንዴ ቢጫ፣ አንዴ ወይን ጠጅ ይሆናል። የክር ብናኝ በአየሩ ላይ ይንሳፈፋል። በር ሲከፈት ልብሶቹ ሁሉ አንድ ላይ ይነቃነቃሉ፤ አካላቸውን የት እንደተዉት የረሱ ሰዎች ይመስላሉ። በዚያ ሰዓት መርፌዬን እንደያዝኩ እንቅልፍ ሸለብ ያደርገኛል። የምነቃው የመኪናው ድምፅ ሲቆም ነው።

ሜትሬ ልክ ስትወስድ ቁጥር አትጠራም። ሌሎች ሰፊዎች ከመጋረጃው ኋላ ሆነው ይጣራሉ፣ ረዳታቸው ከጠረጴዛው ላይ ይጽፋል። እሷ ግን መለኪያውን ቁጥሩ ላይ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ትይዝና ወደ ደብተሩ ትመጣለች፤ ጽፋ ትመለሳለች። ለአንድ ቀሚስ ዘጠኝ ጊዜ። ደንበኞቿ ይቀልዱባታል። «ሜትሬ፣ በዚህ አያያዝሽ ከእኔ ቀሚስ በፊት የአንቺ ጫማ ያልቃል» አለቻት አንዷ።

ምክንያቱን የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ላይ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሊሰፋላት ተሰልፋ ሳለ ሰፊው ደረቷን ለክቶ «ሰባ አራት» ብሎ ተጣራ። ከኋላዋ የተሰለፉት ወንዶች ሰሙ። ዓመቱን ሙሉ ስሟ «ሰባ አራት» ሆኖ ከረመ።

«ቁጥሩ እኮ ምንም ነውር የለበትም፣ እትዬ» አለችኝ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ግን የእኔ ነበር።»

ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል። ከደብተሩ ሌላ ለእያንዳንዱ ልብስ አንዲት ካርቶን አለች። ጎረቤታችን ጫማ ጠጋኙ ከሚሰጠን የጫማ ሳጥን ተቆርጣ፣ የመዳፍ ግማሽ የምታህል፤ የደንበኛዋ ስም፣ ስልኳ፣ የምትወስድበት ቀን፣ ከሥር ደግሞ በስፌት ጊዜ የማይረሳ ነገር በእርሳስ ይጻፍባታል። «ቀኝ ትከሻ ዝቅ ይላል።» «ወገቡ ይለቀቅ፣ አርግዛለች፣ እስካሁን ለማንም አልነገረችም።» ካርቶኗ በመርፌ ቁልፍ አንገትጌው ላይ ወደ ውስጥ ትሰካለች። እኔ የመጨረሻውን ቁልፍ ስተክል ወደ ውጭ አዞራታለሁ። ይህ በሁለታችን መካከል ያለ ምልክት ነው፤ ካርቶኗ ከውጭ ከታየች ልብሱ አልቋል፣ መጠየቅ አያስፈልግም። ማናችን እንደጀመርነው እንኳ አላስታውስም።

ባለፈው ዓመት ሜትሬ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ገዛችና ሥራዋን የምታሳይበት ገጽ ከፈተች። ያለቀውን ልብስ አሻንጉሊቷን ታለብሳትና አሥር ሰዓት ገደማ፣ ብርሃኑ ለስለስ ሲል፣ ፎቶ አንስታ ትለጥፋለች። ደንበኛ በዛ። ከማናውቀው ሰፈር ሴቶች እየጠየቁ ይመጡ ጀመር። እሷም ማታ ማታ የወደደላትን ሰው እየቆጠረች እንደ ልጅ ደስ ይላት ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። የዘመዘምኩት ጫፍ የት የት እንደሚደርስ ሳስብ፣ ከማላውቃቸው መስኮቶች በስተጀርባ የማላውቃቸው ሴቶች ስፌቴን ሲያዩት ይታየኝ ነበር።

ከቆዩ ደንበኞቻችን አንዷ አስተማሪ ናት። የሂሳብ መምህርት ናት፤ ረጋ ያለች፣ ጨርቅ ስትመርጥ በጣቷ እየዳበሰች ብዙ የምትቆይ። የዛሬ ሁለት ዓመት ከረጅም ጊዜ በኋላ መጣችና መጋረጃው ውስጥ ከሜትሬ ጋር ብዙ ቆዩ። ሜትሬ ወጥታ ስትጽፍ እጇ ቀስ ይል ነበር። የሆነውን ያወቅኩት ከካርቶኗ ነው፣ በጡት ቦታ የምትገባውን ትንሽ ትራስ የምሰፋው እኔ ነኝና። «ግራ ደረት የለም። ትራስ ከውስጥ ይሰፋ።»

ያን ቀን መምህርቷ በሩ ላይ ቆማ፣ «እናቴ አታውቅም» አለችን። «ከሐኪሞቹና ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም።»

የእናቷ ታናሽ እህት በዚያው በሽታ ነው የሞተችው። እናትየው ያኔ እህል አልቀምስ ብለው፣ ለወራት በማንኪያ በልመና ነው የተረፉት። ስለዚህ መምህርቷ ስትታከም ሥልጠና ሄድኩ ብላ ሁለት ወር ጠፋች፤ ስትመለስ ከስታ ነበር፣ የሥልጠናው ምግብ አልተስማማኝም አለች። እናትየውም አመኗት።

ዘንድሮ እንደ ዝናብ ደመና ያለ ሰማያዊ ጨርቅ አመጣች። «ለአንድ ቀን ነው የማሰፋው» አለች። ለየትኛው ቀን እንደሆነ አልጠየቅናትም።

ቀሚሱ ሐሙስ አለቀ። የመጨረሻዋን ቁልፍ ተከልኩ፣ ካርቶኗን ወደ ውጭ አዞርኩ። ሜትሬ አሻንጉሊቷን አለበሰቻት። ብርሃኑ ቀሚሱ ላይ ሲያርፍ ጨርቁ የሚተነፍስ ይመስል ነበር። «እዩልኝማ፣ እትዬ» እያለች አነሳችው። ለጠፈችውና ሱቁን ዘግተን ወደየቤታችን ሄድን።

ቅዳሜ ጠዋት ጫማ ጠጋኙ መጣ። ሙጫው እንለዋለን፤ በሥራው ብቻ ሳይሆን አንዴ ከተቀመጠ ስለማይነሳም ነው። ስልኩን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ሜትሬ፣ የሰው ልክ በአደባባይ ማንበብ ጀመርሽ እንዴ?»

«ምን ትላለህ አንተ ሙጫ?»

«እኔ ምን ልበል፤ ቀሚሱ ነው የሚናገረው። ለሚስቴ እንዲህ ያለ ይሰፋላት ብዬ አንገትጌውን ለማየት ሳሰፋው…»

በሁለት ጣቱ ፎቶውን ገፋ አድርጎ አሰፋው። ካርቶኗ መዳፍ አከለች። የሜትሬ የእርሳስ ጽሑፍ፣ ክብ ክብ ያለው፣ ደብተር ላይ እንዳለ ሆኖ ይነበባል። ስም። ስልክ ቁጥር። ከሥር ግራ ደረት።

ሜትሬ የመለኪያዋን ሁለት ጫፎች በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ቀረች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ፎቶውን ከገጿ ላይ አጠፋችው።

«ጠፋ» አለች።

«ከአንቺ ዘንድ ጠፋ» አላት ሙጫው፣ አሁን ቀልዱን ትቶ። «እኔ ስልክ ውስጥ ግን ይኸው አለ። ሐሙስ ማታ ነው ያስቀመጥኩት። እንደ እኔ ያስቀመጠው ማን እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? ለሰውስ የላከው?» ፎቶውን ዓይናችን እያየ አጠፋ፤ የተጣሉ ፎቶዎች የሚጠራቀሙበትንም ከፍቶ ከዚያም አጠፋ። «እዩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእጄ አንድ ነገር ተላቀቀ» አለ። ማንም አልሳቀም።

ከመጥፋቱ በፊት ስድስት መቶ አርባ ሰው አይቶታል። ከወደዱት መካከል የመምህርቷ የአክስት ልጅ ስም ነበር። ሜትሬ እሱን ስታይ ተቀመጠች። መምህርቷ ብዙ ጊዜ አውርታልናለች፤ ያቺ የአክስት ልጅ እሑድ እሑድ ምሳ ትመጣና ከእናትየው አጠገብ ተቀምጣ በስልኳ ያየችውን ፎቶ አንድ በአንድ እያሰፋች ታሳያቸዋለች። እናትየው ከቤት ስለማይወጡ ዓለምን የሚያዩት በዚያ ነው። እሑድ ማለት ደግሞ ነገ ነበር።

«አትጨነቁ» አለ ሙጫው። «ማን ካርቶን ያነባል?»

«አንተ አነበብክ» አለችው ሜትሬ።

እኔ መርፌዬን መርፌ መሰኪያው ላይ ሰካሁ። «ካርቶኗን ወደ ውጭ ያዞርኳት እኔ ነኝ» አልኩ።

«እርስዎ ሥራዎን ነው የሠሩት። ዓለም ሁሉ ወዳለበት በር ወስጄ ያቆምኳት እኔ ነኝ።» ተነሳችና ቀሚሱን በወረቀት ጠቀለለች። «ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከእኔ ትስማ።»

በእግራችን ሄድን። ያ መንገድ እስካሁን በሕልሜ ይመጣል። ፀሐይ ነበር፣ ግን ደመናውም ነበር፣ ሁሉ ነገር በስስ ጨርቅ ውስጥ የሚታይ ይመስል ነበር። አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ፣ የሱቅ ደጃፍ ላይ፣ ደረጃው ላይ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ስልካቸውን ያያሉ። ሌላ ቀን ልብ ብያቸው አላውቅም። ያን ቀን ግን ሁሉም አንዲት ካርቶን የሚያነቡ መሰለኝ። አንድ ሰው ቀና ብሎ ሲያየኝ ዓይኔን ሰበርኩ።

መምህርቷ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው። በረንዳው ላይ በትንሽ ጠረጴዛ የተማሪዎቿን ፈተና በቀይ እስክሪብቶ ስታርም አገኘናት።

«ዛሬ ደግሞ ቤት ድረስ ማምጣት ጀመራችሁ?» አለች ፈገግ ብላ። «ደንበኛ ጠፋ መሰለኝ።»

ሜትሬ አልተቀመጠችም። «ጥፋት አጥፍቼ ነው የመጣሁት» አለችና ሁሉንም በተራ ነገረቻት፤ ካርቶኗን፣ ፎቶውን፣ ሐሙስን፣ ሙጫውን። ምንም አላስቀረችም፣ ምንም አልጨመረችም።

መምህርቷ እስክሪብቶዋን ክዳኑን ከድና አስቀመጠች። «ስንት ሰው?»

«ስድስት መቶ አርባ።»

«ስልኬም አለበት?»

«አለበት።»

«የአክስቴ ልጅስ?»

«ቀሚሱን ወዳዋለች። ካርቶኗን ታንብብ አታንብብ አላውቅም።»

ነፋስ መጣና የፈተና ወረቀቶቹን መገላለጥ ጀመረ። መምህርቷ መዳፏን ከላያቸው አኖረች። ከታች ከግቢው የልጆች ድምፅ ይሰማል፣ ከሩቅ እንደሆነ ነገር።

«ቀን መርጬ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ትምህርት ሲዘጋ የሦስተኛው ምርመራዬ ውጤት ይወጣል። ወረቀቱን ይዤ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ‹እማዬ፣ ታምሜ ነበር፣ አሁን ድኛለሁ› ልላት ነበር። የምለብሰውን እንኳ አውቅ ነበር። ይኸው ቀሚስ ነበር።» ቀሚሱ የተጠቀለለበትን ወረቀት ዳሰሰችው። «ምስጢሩማ አንድ ቀን መውጣቱ አይቀርም። የወሰድሽብኝ ቀኑን ነው፣ ሜትሬ።»

«አዎ» አለች ሜትሬ። «ወስጄብሻለሁ።»

እኔም መናገር ነበረብኝ። «ምልክቷን ያዞርኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አልኩ በመጨረሻ።

«እርስዎማ ቁልፉን ተክለው መጨረስዎን ነው የነገሩን» አለችኝ። ፈገግ ልትል ነበር፣ ግን አልሆነላትም።

ከውስጥ የእናትየው ድምፅ መጣ። «ማነው እዚያ?»

«ሰፊዎቹ ናቸው፣ እማዬ።»

«ቀሚሱ አለቀ? ልበሽውና እስቲ ልይሽ።»

መምህርቷ ጥቅሉን አየችው። «ነገ ሰው ከሚያሳያት ዛሬ እኔ ላሳያት» አለችና ይዛው ገባች። በሩ ተዘጋ።

እኛ በረንዳው ላይ ቀረን። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። የጎረቤት የታጠበ ልብስ ጥላ ግድግዳው ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሜትሬ መለኪያዋን ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ከውስጥ ቃል አይሰማም፤ እንደ ስፌት መኪና በዝግታ የሚሄድ የመምህርቷ ድምፅ ብቻ። ከዚያ እሱም ቆመ። ለቅሶ ጠበቅን፣ አልመጣም። ወንበር ሲጎተት ሰማን።

እናትየው አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ወጡ። ትንሽ ናቸው፤ ፀጉራቸው እንደ ባዘቶ። ከኋላቸው መምህርቷ ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳ ቆማለች። እናትየው ሜትሬ ፊት ሲደርሱ ቀና ብለው አይዋት።

«ልክ የወሰድሽላት አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እማማ፣ እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ እኔ እናቷ ሳላየው አንቺ አይተሽዋል ማለት ነው።» ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «ንገሪኝ እስቲ። እሷ እንደሆነች እኔን ላለማስደንገጥ ትዋሻለች፣ ሁለት ዓመት ዋሽታለች። ቁስሉ እንዴት ነው?»

ሜትሬ በአሮጊቷ ትከሻ ላይ አሻግራ መምህርቷን አየቻት። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያት ስለሠራሁ ዓይኗን አውቃለሁ፤ እየጠየቀቻት ነበር። መልሱን ታውቀዋለች፣ መልሱ ግን የእሷ አልነበረም።

መምህርቷ ረጅም ጊዜ አየቻት። በመጨረሻ እሺ ለማለት ራሷን ነቀነቀች።

ያኔ ሜትሬ መለሰች። «ደርቋል፣ እማማ። ጠባሳው ቀጥ ያለ ነው፣ አንድ ቦታ እንኳ አልተሸበሸበም። እኔ ሠላሳ ዓመት ስሰፋ እንደዚያ ያለ ስፌት ወጥቶልኝ አያውቅም።»

የእናትየው ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አልቻልኩም። «እንግዲያው ከአንቺ የሚበልጥ ሰፊ አለ ማለት ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ። ዞረው የልጃቸውን ቀሚስ ግራ በኩል፣ ትራሷ ባለችበት፣ በመዳፋቸው ነኩት። እኛ ቀስ ብለን ደረጃውን ወረድን።

ሰኞ ጠዋት መምህርቷ ስልክ ደወለች። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው፤ «እናቴ በልታለች።» ይህን ብላ ዘጋችው።

ያን ሳምንት የስፌት መኪኖቻችን ሥራ ፈቱ። ሜትሬ የለጠፈቻቸውን መቶ ሰማንያ ሰባት ፎቶዎች አንድ በአንድ እያሰፋን አየናቸው። እኔ መነጽሬን አድርጌ አነባለሁ፣ እሷ ታጠፋለች። ካርቶኗ የምትታይባቸው ሌሎች አሥራ አንድ ነበሩ። በአንዱ ፎቶ ደግሞ መስተዋቱ ውስጥ ደብተሩ ተከፍቶ ይታያል። ከሰዓት በኋላ፣ ያ ቢጫና ወይን ጠጅ ብርሃን ወለሉ ላይ ሲመጣ፣ ቁጥሮቹ ከካርቶኖቹ ላይ እየወረዱ በበሩ ሥር ሾልከው ሲወጡ ታየኝ፤ ትናንሽ፣ እግር ያላቸው፣ የማን እንደሆኑ የማያውቁ። የሚቆም የመኪና ድምፅ ስላልነበረ በራሴ ነቃሁ።

አሥራ አንዱንም ሴቶች ሜትሬ ራሷ ደወለችላቸው። አንዷ ሳቀች፤ «ወገቤን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ተዪው» አለች። አንዷ ምንም ሳትል ስልኩን ዘጋች። አንዷ ከቤቷ መጥታ ያልተቆረጠ ጨርቋን ወሰደች። «ልኬን የሚያውቅ ሰፊማ ሞልቷል» አለች፣ «እኔ የፈለግኩት ልኬን የማያወራ ነበር።» ሜትሬ ጨርቁን አጣጥፋ፣ በር ድረስ ይዛላት ወጣች።

አሁን ካርቶኖቹ ላይ ቁጥር ብቻ ነው የሚጻፈው፤ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ደብተሩ ነው። ልብስ ሲያልቅ ካርቶኗን አላዞርም፤ ፈትቼ ሜትሬ እጅ ላይ አኖራታለሁ። ፎቶ ከመነሳቱ በፊት የልብሱ ባለቤት ትጠየቃለች፣ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ፣ አንዳንዶቹ አይሉም። ስልኩም አዲስ ነገር ሲጫንበት የደንበኞችሽን ስም ዝርዝር ልይ እያለ ይጠይቃት ነበር፤ ድሮ ሳታነብ እሺ ትል እንደነበር ነገረችኝ። አሁን አስነብባኝ እምቢ ትላለች። ሙጫው ይህን አይቶ፣ «ወደፊት የጫማ ሳጥን ስሰጥሽ መታወቂያ ሳታሳይ አልቀበልም ትይኝ ይሆናል» ብሏታል።

መምህርቷ ለሦስት ወር አልመጣችም። ሜትሬ ስሟን አላነሳችም፤ ግን በር ሲከፈት ቀና ትል ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አመድማ ጨርቅ ይዛ ገባች። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና፣ «ምርመራው ጥሩ ነው» አለች፤ ደህና ነሽ ወይ ሳንላት። ቀጥላ፣ «ሜትሬ፣ ደብተሩ ላይ ያለውን ገጼን ስጪኝ» አለቻት።

ሜትሬ መሳቢያውን ከፈተች። ገጹን ፈልጋ አገኘች፣ በመቀስ ከሥሩ ቆረጠችው፣ በሁለት እጇ ሰጠቻት። መምህርቷ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «እኔ ዘንድ ይቀመጥ» አለች። «ሲያስፈልግሽ ይዤ እመጣለሁ።»

በዚህ ተስማሙ። ጨርቁ በሚቆረጥበት ቀን መምህርቷ መጣች፣ ግን ወረቀቷን ቤት ረስታ ነበር። ቦርሳዋን ገለባበጠች። ውጭ ዝናብ ጀምሯል፣ ቤቷ ሩቅ ነው።

ሜትሬ አሥር ዓመት የለካቻትን ሴት ልክ በቃሏ ታውቀዋለች፤ እኔ እንኳ ከዘጠኙ አምስቱን አውቃለሁ። ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ ጠመኔው በእጇ ነው። አንዲትም ቁጥር ግን ከአፏ አላወጣችም። ጠመኔውን አስቀመጠችና ከግድግዳው ጃንጥላዋን አውርዳ ለመምህርቷ ሰጠቻት።

«ሂጂ አምጪው» አለቻት። «አልቸኩልም።»